ባና ምዊላ ያስከበረችው ተራ

ባለቤቴ በኪትዌ ከተማ፣ ኮረብታው ላይ ባለችው ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ የኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ቀድሞ ገበያ ውስጥ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ነበራት። ከርነል የሚባለውን፣ ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ ተነስቶ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድረውን ክፍል፣ ማንም አላስተማራትም። ጽሑፉ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ስለሆነ እያነበበች ነው የለመደችው። ልብስ ስትተኩስ እንኳ የታተመ ወረቀት ከጎኗ አይጠፋም፤ ሁለት ሸሚዞቼን ያቃጠለችው በዚሁ ነው።

በዚያ ከርነል ውስጥ ዛሬ ሦስት የእሷ መስመሮች አሉ። ከሥራቸው የሰፈረው ስም ግን ለጥቂት ሳይገባ ሊቀር ነበር። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ስም ነው።

እኛ ቺምዌምዌ ሰፈር ሰው በልጁ ስም ይጠራል። ምዊላ ከተወለደች ጀምሮ እኔ ባሺ ምዊላ፣ የምዊላ አባት ነኝ፤ ባለቤቴ ባና ምዊላ፣ የምዊላ እናት ናት። ምዊላ በዘጠኝ ዓመቷ አረፈች። መጠሪያችን አልተለወጠም።

የነገሩ መነሻ የለቅሶ ማስታወቂያ ነው። ጣቢያው በየቀኑ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያረፉ ሰዎችን ስም ያሰማል። ድምፁ ቀደም ብሎ ይቀረጽና ኮምፒውተሩ ያጫውተዋል። አንድ ሰሞን መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ። ስሙ መሃል ላይ ይዋጣል፤ ቀብሩ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ሳይሰማ ያልፋል። ቤተሰብ እየደወለ ይቆጣል። ስድቡ የሚያርፈው ማስታወቂያውን በሚያነበው በባ ሉፓሻ ላይ ነበር፤ «ባ» እኛ ዘንድ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

«ባና ምዊላ፣ ማሽንዎ የሞቱትን ሰዎች ዳግመኛ እየገደለብኝ ነው» ይላታል።

«መጀመሪያ ጉሮሮዎን ይጠራርጉና ይምጡ፣ ባ ሉፓሻ።»

«ጉሮሮዬን? ትናንት እንኳ ማር ልሼበታለሁ!»

ገመዱን ቀየረች፤ አልተሻለም። ድምፅ ማጉያውን ቀየረች፤ ያው ነው። በመጨረሻ ወንበር ስባ ማሽኑ ፊት ተቀመጠችና መብራት እስኪመጣ ጠበቀች። ሲመጣ ያየችውን ማታ እኔ ንሺማ፣ የበቆሎ ገንፎአችንን፣ ሳማስል ነገረችኝ።

«ባሺ ምዊላ፣ የሰፈራችንን ቧንቧ አስብ። ሁለት ቧንቧ ከአጥሩ ወዲህ፣ ሁለት ከአጥሩ ወዲያ። ሴቱ ባልዲውን ይዞ ተሰልፏል።»

«እሺ።»

«የእኛ ማሽን አራት ፕሮሰሰር አለው፤ ቧንቧዎቹ እነሱ ናቸው። ባለ ባልዲዎቹ ፕሮግራሞቹ ናቸው። ከርነሉ ተራ አስከባሪዋ ናት በለው። አንዷ ትንሽ ትቀዳለች፣ ዞር በይ ትባላለች፣ ሌላዋ ትተካለች። በጣም ቶሎ ቶሎ ስለምታዞራቸው ሁሉም ያለማቋረጥ የቀዳ ይመስለዋል። ባዶ ቧንቧ ስታይ ደግሞ ከረጅሙ ሰልፍ ቀንሳ ወደዚያ ትልካለች።»

«ጎበዝ ሴት ናት።»

«ጎበዝ ናት። ግን መብራት ሲሄድ ባትሪው እንዲቆይልን ከአጥሩ ወዲያ ያሉትን ሁለቱን እንዘጋቸዋለን አይደል? ሲመጣ እንከፍታቸዋለን። ውሃው ይመጣል፤ የአጥሩ በር መከፈቱን ግን ለእሷ የነገራት የለም። ወዲያ ሁለት ባዶ ቧንቧ እያለ ሰዉን ሁሉ ወዲህ ታጋፋዋለች።»

«የባ ሉፓሻ ድምፅም ባልዲውን ይዞ ይቆማል።»

«ይቆማል። ተራው እስኪደርሰው ዝም ይላል። የሚቆርጠን ያ ዝምታ ነው። ንሺማው እያረረ ነው።»

እውነትም አርሮ ነበር።

በሩ መከፈቱን ለተራ አስከባሪዋ የሚነግሩ ሦስት መስመሮች ጻፈች። የጣቢያው ማሽን ላይ ሳምንት ሙሉ ሞከረችው፤ ስሞቹ ሙሉ ሆነው ተሰሙ። እዚያ ላይ ልትተወው ትችል ነበር። ነገር ግን ከርነሉ በየጥቂት ወሩ ይታደሳል፤ አዲሱ በመጣ ቁጥር ያው ስህተት አብሮ ይመጣል። «ትክክል የሆነ ነገር የእኔ መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችና የከርነል ሰዎች በአደባባይ ደብዳቤ እየተጻጻፉ ማስተካከያ ወደሚመዝኑበት ቦታ ላከችው። በደንቡ መሠረት ከመጨረሻው መስመር ሥር በኃላፊነት የሚጠየቅ ሰው ስም መኖር አለበት። የቤተ ክርስቲያን መዋጮ ላይ እንደምትፈርመው፣ ምንም ሳታስብ፣ «ባና ምዊላ» ብላ ጻፈች።

መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ያንን ክፍል የሚጠብቀው ቬይኮ የሚባል የፊንላንድ ሰው ነው። «ችግሩን እኔ ዘንድ ላየው አልቻልኩም። ለመሆኑ ፕሮሰሰር በየቀኑ የሚዘጋና የሚከፍት ማነው?» ይላል።

«እኛ። አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ» ብላ መለሰችለት። መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት የምንጽፍበት ደብተር በር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የሦስት ወሩን ገልብጣ አያይዛ ላከችው።

ባ ሉፓሻ ራሱን ያዘ። «ገመናችንን ፊንላንድ ድረስ ላኩት?»

«ገመና አይደለም፣ ማስረጃ ነው። እነሱ ዘንድ መብራት ስለማይጠፋ አላዩትም። እኛ አየነው።»

ይህን ስትል ቀና ብላ ነበር አሉ። ባየኋት ብዬ እመኛለሁ።

ቬይኮ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፕሮሰሰሩን ስልሳ ጊዜ ሲዘጋና ሲከፍት ዋለና ስህተቱን አየው። «ትክክል ነሽ። ማስተካከያው ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ነገር ቀርቷል። ባና ማለት እናት ማለት ነው ሲሉ ሰማሁ። ደንባችን ሰው የሚታወቅበትን ስም ይፈልጋል። ይህ ስምሽ ካልሆነ እስከ ዓርብ አስተካክይው፤ አለዚያ ለዚህ የከርነል እትም አይደርስም።»

በመታወቂያዋ ላይ ኤስናርት ካፓምባ ናት። የጣቢያው ኃላፊ ባ ሙሌንጋ ማመንታቷ አልገባቸውም። «ኤስናርት ብለሽ ጻፊና ተገላገይ እንጂ! ነገ ሉሳካ ሥራ ብትፈልጊ ይህን ሥራሽን በየትኛው ስም ልታሳዪ ነው?» አሏት። ክፉ ምክር አልነበረም።

ቤት መጥታ እኔን ጠየቀችኝ። «ኤስናርት ብለሽ ጻፊ። ምዊላ አትቀየምም» አልኳት። ይህን በማለቴ እስካሁን አፍራለሁ።

የምትተኩሰውን ሸሚዝ አጥፋ አስቀመጠች። «ለመጨረሻ ጊዜ ኤስናርት ብሎ የጠራኝ ማን እንደሆነ ታስታውሳለህ?»

አስታውሳለሁ። የምዊላን የሞት ወረቀት ሲሰጠን፣ የሆስፒታሉ መዝገብ ጸሐፊ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መልሷን ጻፈች። ከትከሻዋ በላይ ሆኜ አነበብኩት።

«ደንቡ የሚታወቁበትን ስም ይላል። ቺምዌምዌ መጥተህ ኤስናርት ካፓምባን ብትፈልግ ጎረቤቴ እንኳ አያውቃትም። ባና ምዊላ ካልክ ግን መንገድ ላይ ያገኘኸው የመጀመሪያው ሰው በራችን ድረስ ያደርስሃል። እነዚህ መስመሮች ቢያስቸግሩ የምጠየቀው በዚህ ስም ነው። በሌላ ስም ከሆነ ይቅር።»

ዓርብ እስከ ምሳ ሰዓት መልስ አልነበረም። ባ ሙሌንጋ በአጠገቧ ባለፉ ቁጥር በረጅሙ ይተነፍሳሉ። እሷ የጣቢያው ጣሪያ ላይ ወጥታ የአንቴናውን ብሎኖች ታጠብቅ ነበር። ስትወርድ ባ ሉፓሻ መሰላሉ ሥር ቆሞ ጠበቃት።

«አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈው፣ ባና ምዊላ።»

«ያንብቡት እንጂ። ሥራዎ ማንበብ አይደል?»

ማስታወቂያ በሚያነብበት ድምፅ አነበበው፦ «ገብቶኛል። እንዳለ ገብቷል።»

ከዚያ በኋላ ባ ሉፓሻን የሚይዘው አልተገኘም። እስከ ገበያው ወርዶ ለቲማቲም ነጋዴዎቹ ሁሉ አወራ። እኔም ከእነሱ ነው የሰማሁት፤ የገዛሁትን ቲማቲም እዚያው ረስቼ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

አዲሱ እትም ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ካፔንታ የምንለውን ትንንሽ ዓሣ እየጠበስኩ ሬዲዮውን በባትሪ ከፍቼ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መብራት መጣ። ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ። የባ ሉፓሻ ድምፅ ጀመረ። ባሺ ካሶንሶ፣ ከሚንዶሎ። ባና ሉኩንዶ፣ ከቡቺ። እያንዳንዱ በልጁ ስም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ሳይቆረጥ።

«ዘይቱ እየጨሰ ነው» አለችኝ ባና ምዊላ ከጓዳ።