ዳንቴል የለበሰው ሶላር

ሀጂ የሶላር ዕቃ ሱቃቸውን የከፈቱት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ከብየዳ ቤቶቹ መሀል ነው። እኔን ሲቀጥሩኝ ከስድስተኛ ክፍል እንዳላለፍኩ ያውቃሉ። "ታነቢያለሽ፣ አትዋሺም፤ ይበቃኛል" አሉኝ። ዓይነ አፋርነቴን ግን ገና አላዩትም ነበር።

የዚያን ሰሞን መንግሥት ከሶላር ዕቃ ላይ ቀረጥ እንዳነሳ በሬዲዮ ይነገር ነበር። ሀጂ ጆሯቸውን ለጥፈው ይሰሙና "ቀረጡስ ቀረ፤ ዶላሩን ማን ይሰጠናል?" ይላሉ። ቆየት ብለው ደግሞ ለራሳቸው ይመልሳሉ። "ቢሆንም መብራት ያልገባበት አገር ስንት ነው። ይሄ ሥራ ገና ያድጋል።" ሲናገሩ ፊታቸው ስለሚፈካ እኔም አምናቸው ነበር። ሱቁ ውስጥ ግን ዋጋ ጠይቆ የሚሄድ እንጂ የሚገዛ አልነበረም።

"ሀጂ፣ ዛሬም ፀሐይ ሲሸጡ ዋሉ?" ይላቸዋል ጎረቤታችን በያጁ።

"አንተስ፣ ጭስ ስትሸጥ አይደል የዋልከው?"

አንድ ቀን ሀጂ ሶላት ሄደው ሳሉ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለ ገጠር አንዲት እናት መጡ። የሴቶች ቁጠባ ማኅበራቸው መርጦ ልኳቸው ነው። አንድ ሶላር ወስደው ይሞክሩታል፤ ጥሩ ከሆነ ማኅበሩ ለየቤቱ ይገዛል። ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ አፌ ይተሳሰራልና፣ ሀጂ ያስጠኑኝን ሁሉ ትቼ "ጣሪያ ላይ ያድርጉት፤ አቧራ እንዳይነካው ይጠብቁት" ብቻ አልኳቸው።

ሀጂ ተመልሰው ሲሰሙ ደስ አላቸው። "ይሄ ከተሳካ እንቀጥላለን። ካልሆነ ዘግቼ ወደ ሳህንና ብርጭቆ ንግዴ እመለሳለሁ" አሉ። እዚያ የእህታቸው ልጆች ስላሉ ለእኔ ቦታ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከወር በኋላ እናትየዋ ተመለሱ። አምፖሉ መጀመሪያ ደህና በርቶ፣ ኋላ እየደከመ ጠፍቷል።

"አገሩ ሳቀብኝ" አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ ጨለማ ገዝተሽ መጣሽ ይሉኛል።"

ሀጂ ተናደው ለአስመጪው ደወሉ። እናትየዋ ፓኔሉን ከፌስታል አወጡት። ነጭ ዳንቴል ለብሷል። በልኩ የተሠራ፣ ማዕዘኖቹ ላይ አበባ ያለው፣ ከሥሩ የአቡጀዲ ገበር ያለው። እኛም ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ስለሚለብስ፣ መጀመሪያ የታየኝ የሥራው ማማር ብቻ ነበር።

"እትዬ፣ ጣሪያ ላይም ይሄን ለብሶ ነበር?"

"ታዲያ አቧራ አይንካው አላልሽኝም? ሁለት ሳምንት ነው የለፋሁበት።"

ሀጂ አስመጪውን መቆጣት ጀምረዋል። ዝም ብል ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ይቀራል።

"ሀጂ፣ ይተዉት" አልኳቸው። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ልብሱን አውልቀን ፓኔሉን በሩ ላይ ፀሐይ አስመታነው። ከሰዓት በኋላ አምፖሉን ከመደርደሪያው ጀርባ ጨለም ያለው ጥግ ላይ ሞከርነው፤ በራ። እናትየዋ ግን አልሳቁም።

"እኔስ ገባኝ፤ እነሱ አያምኑኝም። አንቺው ንገሪያቸው" ብለው ለማኅበሩ ሰብሳቢ ደወሉና ድምፁን ለሁላችን ከፍተው ስልኩን ሰጡኝ። ሰብሳቢዋ ዙሪያ የብዙ ሴቶች ድምፅ ይሰማል።

ዓይኔን ጨፍኜ ተናገርኩ። "እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው። ፓኔሉ ፀሐይ ካላየ አይሠራም። ፊቱን አትሸፍኑት። አቧራ ሲይዘው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።"

ሴቶቹ ሳቁ። "እሷ እኮ ባሏንም ጋቢ ሳታለብስ ከቤት አታስወጣም" አለች አንዷ።

"ስመጣ ትነግሪኛለሽ" አሏት እናትየዋ። አሁን እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ሰብሳቢዋ ለሁሉም ቤት እሺ አላለችም። "ለአምስት ቤት ይሁን። ክረምቱን ካበሩ ሌላው ራሱ ይመጣል" አለች።

ሀጂ እንደሚቆጡኝ እየጠበቅኩ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ለአስመጪው መልሰው ደውለው ይቅርታ ጠየቁና አምስት ዕቃ እንዲያስቀምጥላቸው ነገሩት። ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ነገ በጠዋት ነይ" አሉኝ። "ከመላካችን በፊት አንድ በአንድ እንፈትሻቸዋለን።"