አማቴና ዘጠነኛው ደረጃ

ቤታችን ፎቅ ነው ስል ሰው ይሳሳታል። ከታች ሳሎን አለ፣ ከላይ ሁለት ክፍል አለ፤ በመካከላቸው ያለችውን ደረጃ ግን ግንበኛው ለሰው የሠራት አይመስለኝም። ቀጭን ድመት አስቦ ይሆናል። ሁለት ሰው ከተገናኘባት አንዱ እስኪያልፍ ሌላው ሽበት ያወጣል። ስምንት ደረጃ ወጥታ ትታጠፋለች፤ ከዚያ ስድስት ትጨምራለች።

የዚህችን ደረጃ ግድግዳ ባለቤቴ በፎቶ ልትሞላው ተነሳች። ያስጨነቃት ግድግዳው አልነበረም፤ እናቷ ነበሩ። አማቴ አንኮበር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ጠቅልለው ደብረ ብርሃን እንዲመጡላት ባለቤቴ ያልለመነችው መልአክ የለም። መምጣቱንስ ይመጣሉ። በሦስተኛው ቀን ግን "ዶሮዎቼን ማን ያያቸዋል?" ብለው ነጠላቸውን ያጣፋሉ። ሦስት ጊዜ መጥተው፣ ሦስቱንም ጊዜ በዶሮ ተሸነፍን።

"የሰው ቤት እየመሰላት ነው" አለች ባለቤቴ። "አባቴ ግድግዳው ላይ ካለ ቤቷ ይሆናል። በዚህም እምቢ ካለች ሌላ መላ የለኝም።" ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስለነበር አምስት ደቂቃ ሙሉ አልቀለድኩም። ለእኔ ይሄ ሱባኤ ነው።

አባቷ ያረፉት እሷ ገና በእቅፍ ሳለች ነው። የቀረው ፎቶ አንድ ብቻ፣ ከመታወቂያ ላይ የተላጠ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል፤ አማቴ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረውት ነው የሚኖሩት። ለማሳደግ ስዋሰው ሦስቴ አስምለውኛል። ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ፎቶ አንሺው ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ፣

"ጋቢውን ላውልቅላቸው?" አለኝ።

"አውልቀህ ምን ልታለብሳቸው?"

"ሱፍ።"

"አልብሳቸው።"

"ክራቫትስ?"

"ከጀመርክ አይቀር እሰርላቸው።"

ከቅንድባቸው ወደ ጉንጫቸው የምትወርድ መስመርም ነበረች። "ይቺን እጥፋት ደግሞ አጥፋልኝ" አልኩት፤ "መቀነት ውስጥ ስንት ዘመን ታጥፎ ነው።" በሁለት ጠቅታ አጠፋት። የመታወቂያው ገበሬ ሚኒስትር ሆኖ ወጣ። ትንሿን ፎቶ ለአማቴ መለስኩ፤ ወደ መቀነታቸው ገባች።

እሑድ ዕለት መስቀል ጀመርን። የመጀመሪያው ምስማር ታጠፈ። ሁለተኛው ከግድግዳው ተፈናጥሮ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ሰላ ድንጋይ ከተማ ሳይደርስ አልቀረም። በሦስተኛው ድሪል ተዋስኩ። የማን ፎቶ የት ይሁን የሚለው ግን አላከራከረንም፤ ድግስ ላይ ሽማግሌ "ከፍ ይበሉ፣ ከፍ ይበሉ" እየተባለ ወደ ላይኛው ወንበር እንደሚገፋው ሁሉ፣ አንጋፋው ወደ ላይ ወጣ። የእሷ አባት አሥራ አራተኛው ደረጃ ላይ ከሁሉም በላይ፣ የእኔ አባት አሥራ ሦስተኛው ላይ። (መዶሻው በባለቤቴ እጅ ስለነበር ይግባኝ አላልኩም።) ከዚያ ሠርጋችን፣ ቀጥሎ የልጆቹ ምርቃት፤ ከታች፣ ከሳሎን የምትታየው የመጀመሪያዋ ፎቶ፣ እኔ በወጣትነቴ በኳስ ማሊያና በቁምጣ።

አንድ ነገር ብቻ ሁለታችንም ረሳን። የክብሩ ቦታ ከመታጠፊያው ባሻገር ነው፤ የክብሩ ባለቤት ሚስት ደግሞ ደረጃ አይወጡም።

አማቴ መጥተው ደረጃው ፊት ለፊት ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ግድግዳውን ተከትሎ ወጣ፣ ወጣና መታጠፊያው ላይ ቆመ።

"የታለ?"

"ከላይ ነው እማዬ፤ ከሁሉም በላይ ሰቀልነው" አለች ልጃቸው፤ ያኔ ነው ስህተታችን የገባት። "አሁን አወርድልሻለሁ።"

"ተዪው! ከፍ ያለን ሰው ማን ዝቅ ያደርጋል? ክብሩ ነው።" ወደ እኔ ፎቶ ዞሩ። "እኒህ ሙሽራው ናቸው?"

ከተጋባን ሃያ ዓመት አልፎናል፤ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል፤ አማቴ ግን ዛሬም ሙሽራው ነው የሚሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"እግርዎ ያኔም ቀጭን ነበር" አሉ። በማግስቱ ማታ ላይ የዶሮዎቹ ወሬ ተነሣ። የአንኮበር መኪና ለነገ ስምንት ሰዓት ተነገረ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ለመንገዳቸው ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ሳለ ለምሳ ገባሁ። ሶፋው ባዶ ነው። ከዘራቸው የደረጃው ሥር ተጋድሟል።

"እማማ!"

"አይጩሁ፣ ሙሽራው። እዚህ ነኝ።"

ዘጠነኛው ደረጃ ላይ፣ ከመታጠፊያው እልፍ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው ተቀምጠዋል። በመቀመጫቸው እየተገፉ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ኋላ ነው የወጡት። እዚያ ሲደርሱ ጉልበት በቃኝ አለ። ወደ ላይም የለም፣ ወደ ታችም የለም።

"ላዝልዎት... ማለቴ ልሸከምዎት?"

"ምን አሉ?"

ምንም እንዳላልኩ ሆንኩ። እኔና አማቴ አንቱ ተባብለን፣ ስንጨባበጥ እንኳ መሬት መሬት እያየን የኖርን ሰዎች ነን። አማች አማቱን ጀርባው ላይ አዝሎ ታየ ቢባል አንኮበር ሦስት ቀን ሥራ ይፈታል።

"እንግዲያው ልጅዎን ልጥራ።"

"እሷማ ካየችኝ ታወርደኛለች እንጂ አታወጣኝም። መኪናው ስምንት ሰዓት ነው።" በአገጫቸው ወደ ላይ አመልክተው፣ "አይቼው ልሂድ ብዬ ነበር" አሉ።

ከዘራቸውን አንሥቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ።

"ላምጣልዎት?"

ወደ መታጠፊያው ማዶ አንገታቸውን ጠምዘዝ አድርገው ሞከሩ። አልታያቸውም። "እንግዲህ ክብሩ ይቅርበት" አሉ። "ያምጡት።"

ማምጣቱ ቀላል ይመስላል። ደረጃዋን ግን አማቴ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልተዋታል፤ በአማት ላይ መራመድ ደግሞ ከማዘልም ይብሳል። ስለዚህ ወደ ውጭ ወጣሁ። መሰላል አምጥቼ የገዛ ቤቴ የላይኛው በረንዳ ላይ አስደገፍኩ። የደብረ ብርሃን ንፋስ እንደልማዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁ። ገና መሃል ላይ ስደርስ ከአጥሩ ማዶ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤታችን ጮኸች።

"ሌባ! ኧረ ሌባ!"

"እኔ ነኝ!"

"ሌባ ሁሉ እኔ ነኝ ነው የሚለው! ውረድ አንተ!"

"ቤቱ የእኔ ነው እኮ!"

"በር ያለው ሰው በመሰላል ምን ያደርጋል?"

"አማቴ ደረጃውን ዘግተውት ነው!" አልኳት። ማብራሪያው ነገሩን እንዳባባሰው የገባኝ በረንዳው ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ፎቶውን ነቅዬ ወረድኩና ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ከእሳቸው በላይ ላለመሆን አጎነበስኩ፤ ደረጃ ላይ ማጎንበስ ግን የትም አያደርስም። ፍሬሙን በትከሻቸው በኩል አቀበልኳቸው። ጭናቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

"እኒህ ማናቸው?"

ደነገጥኩ። "ባለቤትዎ ናቸዋ። ሱፉን ፎቶ አንሺው ነው ያለበሳቸው።"

"ሱፉን ተዉት፤ ለብሶም ባያውቅ ያምርበታል። ጠባሳው የታለ?"

"የቱ ጠባሳ?"

ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮውን ፈትተው ትንሿን ፎቶ አወጡ። በጥፍራቸው ጫፍ ያቺኑ መስመር አሳዩኝ። ያቺኑ፣ እኔ እጥፋት ብዬ ያስጠፋኋትን።

"የሠርጋችን ዕለት የተዋሳት በቅሎ ናት የረገጠችው። ደሙ እየወረደ በር ላይ ሲደርስ ሚዜዎቹ ይመለስ፣ ገዱ አይደለም አሉ። እሱ ግን ፊቱን በነጠላ ጠረገና 'ሙሽራዋ የታለች?' አለ። በቀዳዳ እያየሁት ነበር። ያኔ ነው የወደድኩት።"

ለክራቫቱ፣ ለሱፉ፣ ለሁሉም በፎቶ አንሺው ላሳብብ አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። "እኔ ነኝ ያስጠፋሁት፣ እማማ። የታጠፈ መስሎኝ።"

ጆሮዬን አዩ። ለምስማር ምልክት ማድረጊያ የሰካኋት እርሳስ ከእሑድ ጀምሮ እዚያው ነበረች።

"እሷን ይስጡኝ።"

የፍሬሙን ጀርባ ከፍቼ ፎቶውን አወጣሁላቸው። ምላሳቸው ላይ እርሳሱን ነክተው፣ ከቅንድቡ ወደ ጉንጩ፣ መስመሯን አወረዷት። ሚኒስትሩ ሄደ፤ ገበሬው መጣ።

"ኖር!" አልኩ፣ አባት ሲገባ እንደሚባለው፤ ከተቀመጥኩበትም ብድግ አልኩ። ጭንቅላቴ ከኮርኒሱ ጋር ተጋጨ።

"በእግዜር!" አሉ አማቴ በባለቤታቸው ፈንታ፤ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

የቀረው መውረዱ ነው። ዘዴውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። መቀነታቸው ወገብ ዞሮ ዞሮ የማያልቅ ዓይነት ነው፤ አንድ ዙር አስቀርተው ጫፉን ሰጡኝ። "ሳይነኩኝ ይያዙኝ።" እሳቸው ፎቶውን አቅፈው በመቀመጫቸው አንድ ደረጃ ይወርዳሉ፣ እኔ ከላይ ጫፉን አንድ ክንድ እለቃለሁ። አራተኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ዳቦዋን ይዛ ገባች፤ ከኋላዋ ጎረቤታችን፣ ሌባውን ልታሳያት።

"እናቴን አሰርካት?!"

"ዝም በይ" አሏት እናቷ። "አባትሽን ይዣለሁ፤ ታስጥዪኛለሽ።"

ያን ቀን ስምንት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። አባትየው ሶፋው ፊት ለፊት፣ የእኔ ማሊያ በነበረችበት ምስማር ላይ ተሰቀሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አማቴ ልጃቸውን ጠሩ።

"ለአንኮበሯ ጎረቤቴ ደውዪላት።"

"ምን ልበላት፣ እማዬ?"

"ዶሮዎቹን ትላካቸው።"

ባለቤቴ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ እያለቀሰች መደወሏን የሰማ ሰው ዶሮዎቹ የሞቱ ይመስለው ነበር።

አሁን አምስት ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ ከደረጃው ሥር ይኖራሉ። እኔ በቁምጣዬ አሥራ አራተኛው ደረጃ ላይ ወጥቻለሁ፤ በቤታችን ከእኔ በላይ የተሰቀለ የለም፤ የሚያየኝም የለም።