ባለመመሪያው ፍሥሐ

ባሌ ፍሥሐ መመሪያውን ያላነበበለትን ነገር አይነካም። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ለማማት ቢሆን የምጀምርበት ሌላ ብዙ ነገር ነበረኝ። መድኃኒት ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣዋን ወረቀት ዘርግቶ እስከ ታች የሚያነብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዱን አግብቻለሁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ የገዛን ጊዜ መመሪያውን አንብቦ እስኪጨርስ ሁለት ቀን ዳቦ በለስላሳ በላን። ሃያ አራት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀምጦ ለባለጉዳይ ሁሉ "መመሪያው አይፈቅድም" ሲል ኖሮ፣ ነገሩን ቤት ድረስ ይዞት ገባ።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። እሱ ጠዋት ታክሲ ተሰልፎ መገናኛ ይወርዳል፣ ከዚያ ሌላ ይይዛል፤ ማታ ሲመለስ ከሰውነቱ የሚተርፈው ኮቱ ብቻ ነው። እኔ ከብሎካችን ሥር ልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርምና የጥበቃ ሠራተኞች ካኪ እሰፋለሁ። አንዲት ልጃችን ሲፈን አምና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ቤቱ ጭር አለ። ራት እንበላለን። "ጨው አነሰው?" "አላነሰውም።" ዜና እናያለን፣ እንተኛለን። በቃ፣ ኑሯችን እሱ ሆነ።

ሲፈን ትታው የሄደችው ፕሌይ ስቴሽን ቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ሚያዝያ ውስጥ አንድ እሑድ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከፈትኩት። ውስጡ የነበረው የድብድብ ጌም ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የሚፈነካከትበት። አንዱን ጆይስቲክ ለፍሥሐ ሰጠሁት። እኔ መረብ የተሸከመ ወፍራም ዓሣ አጥማጅ መረጥኩ፣ ሆዱ ሟቹን አጎቴን ከበበን አስታወሰኝ። ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ ስደቁስ ደቂቃ ሳይሞላ ፍሥሐን ዘረርኩት። እንዴት እንደሳቅን! እሱ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ነው የሳቀው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከራት በኋላ ግማሽ ሰዓት እንጫወት ጀመር። ቀኑን ሙሉ መቀስ ጨብጬ ስውል የማስበው ያቺን ግማሽ ሰዓት ነበር።

ሰኔ ላይ ፍሥሐ መሸነፍ መረረው። ለልጁ ደወለ።

"አባ፣ ዝም ብለህ አትነካካ" አለችው ሲፈን። "ጋይድ አለው እኮ! ፒዲኤፉን በቴሌግራም እልክልሃለሁ።"

ይህችን ልጅ ምን እንደማደርጋት አላውቅም። ከምድር ሰው ሁሉ መርጣ ለፍሥሐ መመሪያ ትላክ?

በማግሥቱ መገናኛ አሳትሞት፣ በስፓይራል አስጠርዞት መጣ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ማታ ማታ ወደ አማርኛ እየመለሰ መሥሪያ ቤቱ በሰጠው አጀንዳ ላይ ይገለብጠው ጀመር፤ አማርኛውም የመሥሪያ ቤቱ አማርኛ ነው። ተጋጣሚ ቡጢ ስቶ ክፍት ሲሆን መምታትን "አስተዳደራዊ እርምጃ መውሰድ" ብሎ ጻፈው። ወደ ኋላ መሸሽን "ጊዜያዊ የሥራ መልቀቂያ" አለው።

"ሙሉ፣ አንድ ሰከንድ እኮ ስልሳ ቦታ ይከፈላል" አለኝ አንድ ቀን። "ያንቺ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ለመወርወር ከስልሳው ሃያ ስድስቱን ይፈጃል። እኔ በአሥሩ እደርስበታለሁ።"

በየቀኑ ሁለት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው የሰከንድ ስልሳኛ ይቆጥርልኛል! "እሺ ድረስበታ" አልኩት። ተጫወትን፣ ዘረርኩት።

መጽሐፉን ገልጦ አሳየኝ። "ተመልከቺ፣ ገጽ ሠላሳ አንድ። ዓሣ አጥማጁ በደረጃ ሰንጠረዡ የመጨረሻው ነው። በመመሪያው መሠረት ልታሸንፊኝ አይገባም።"

"ታዲያ መመሪያውን ክሰሰው።"

አልሳቀም። ያኔ ነው የገባኝ፤ ጨዋታችን ፈተና ሆኗል። ክረምቱን ሙሉ እንደዚሁ ሆነ። ያጠናል፣ ይሸነፋል፣ ይጽፋል፣ ይሸነፋል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። እኔ እየሳቅኩ ስመታው እሱ ከንፈሩን ነክሶ "አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ" እያለ ጨዋታውን አቁሞ ገጽ ያገላብጣል። ገጽ እየገለጠ የሚደባደብ ሰው የት አገር አለ? ልተወው እልና፣ ያቺን ግማሽ ሰዓት ከተውኩ የሚቀረው ጨው አነሰው አላነሰውም መሆኑ ትዝ ሲለኝ ጆይስቲኩን አነሳለሁ።

ኅዳር 21 እሑድ ውሎ ነበርና እንጦጦ ማርያም ለመሳለም ሄድን። ሽቅቡን በታክሲ ወጥተን፣ ቁልቁሉን በእግራችን ባሕር ዛፉን ይዘን ስንወርድ ፍሥሐ ነጠላው ሥር አውራ ጣቱን ያነቃንቃል። ልምምድ መሆኑ ነው። ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች እንኳ በጠባቡ መንገድ ሲመጡ መንገድ የለቀቀላቸው እኔ ስጎትተው ነው። ትንሽ እንረፍ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና የውሃ ፕላስቲኬን ልከፍት ብል ክዳኑ እምቢ አለኝ።

"ምነው?" አለ።

"ጣቴን አሞኛል። ከዩኒፎርሙ ሰሞን ጀምሮ ነው።"

ፍሥሐ ማነቃነቁን አቆመ። ዞር ብሎም አየኝ። "የትኛው ጣትሽ? ቀኙ?"

"ቀኙ አውራ ጣቴ።"

"ጠዋት ነው ወይስ ማታ የሚብስሽ?"

"ማታ። ካኪ የቆረጥኩ ቀን ደግሞ አያድርስ።"

"ጫን አድርገሽ ይዘሽ ስትቆዪስ?"

"እሱማ አልችልም።"

ራሱን ነቀነቀና ክዳኑን ከፈተልኝ። እንሳቅብሽ ካላችሁ ሳቁ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር ስለ ሕመሜ ሦስት ጥያቄ አከታትሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ያን ቁልቁለት እስከ ሽሮ ሜዳ ክንዱን ይዤ ወረድኩ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፍሥሐ ያሸንፈኝ ጀመር። መጀመሪያው ዙር የእኔ፣ ሁለተኛው የእኔ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ እሱ አይቻልም። መሸነፌ ብዙም አልከፋኝም፤ እንዲያውም እሰይ፣ ያ ሁሉ ልፋት ፍሬ አፈራ አልኩ። ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ ረፋድ የአንድ ድርጅት የጥበቃ ኃላፊ፣ አቶ ጉተማ፣ ገና ቤት ሳለሁ ስልክ ደውለው የሱሪ ልክ ያስጽፉኝ ጀመር። አጠገቤ የነበረው ወረቀት የፍሥሐ አጀንዳ ነው። ባዶ ገጽ ስፈልግ ስሜን አየሁት። ልኩን እንደ ምንም ተቀብዬ ስልኩን ዘጋሁና አነበብኩ።

"ተጋጣሚ፦ ሙሉጌጥ። የቀኝ አውራ ጣት ሕመም ያለባት መሆኑ ኅዳር 21 ቀን በራሷ አንደበት ተረጋግጧል። ሕመሙ ወደ ማታ ይብሳል። ካኪ በቆረጠችበት ዕለት የመከላከያ ቁልፉን ከአራት ሰከንድ በላይ ተጭና መቆየት አትችልም። የሚወሰድ እርምጃ፦ እስከ ሦስተኛው ዙር መታገሥ፤ ከዚያ ያለማቋረጥ ማጥቃት።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደሜ ፈላ። ከመናደዴ በላይ ግን አፈርኩ፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት ክንዱን ይዤ መውረዴ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ፍሥሐ ሳሎን ቁጭ ብሎ ጫማውን ይቀባ ነበር። ፊቱ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ቡርሹ እጁ ላይ ቀረ።

"ሙሉ፣ እሱ እኮ የጨዋታ ነው" አለ። "መመሪያው ራሱ ተጋጣሚህን አጥና ይላል። ገጽ መቶ አርባ።"

"ጥሩ። ጣቷን የታመመች ተጋጣሚ ስለምትታከምበትስ ስንተኛው ገጽ ላይ ይላል?"

እመኑኝ፣ መጽሐፉን አንስቶ ገለጠ። ሁለት ሦስት ቅጠል ካገላበጠ በኋላ ነው የገባው። ቀስ ብሎ ዘጋው።

"አንድ ቀን እንኳ ላሸንፍሽ ብዬ ነው" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ቅልጥሜን ስበረኝና አሸንፈኛ!" ብዬው ወደ ሱቄ ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ አልተጫወትንም። ራት እንበላለን፤ ጨው አነሰው ብሎ እንኳ የሚጠይቅ ጠፋ። እሱ ሁለት ቀን ከፕሌይ ስቴሽኑ ጋር ብቻውን ሞከረና ተወው። የተናደድኩት በእሱ ነው፣ የናፈቀኝም እሱ ነው፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድዳል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ ስገባ ትልቁ መቀሴ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ቀለበቱ በስፖንጅ ተጠቅልሎ፣ በስፖንጁ ላይ ጥቁር ፕላስተር ዞሮበታል። ፍሥሐ ሌሊት ወርዶ የሠራው አይመስልም፤ በጥንቃቄ ነው የተጠቀለለው። ልቤ ቀለጠ። መቀሱን አንስቼ ጣቶቼን አስገባሁ።

አልመች አለኝ። መቀስ ሁለት ቀለበት አለው፤ ትንሹ የአውራ ጣት፣ ትልቁ የሌሎቹ ጣቶች። ፍሥሐ የጠቀለለው ትልቁን ነው። አውራ ጣቴ ባዶው ብረት ላይ ቀረ፣ ደኅናዎቹ ጣቶቼ ስፖንጅ ላይ ተመቻችተው ተኙ።

ወይ ነዶ! ስለዚህች አውራ ጣት ሰዓቷን፣ ቀኗን፣ ሰከንዷን መዝግቦ ይዟል፤ በየትኛው ቀዳዳ እንደምትገባ ግን አያውቅም። ከየት ይወቅ? ሱቁ ከተከፈተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን ተቀምጦ ስቆርጥ አይቶኝ አያውቅም። ደረጃው ሥር ቆሜ ተጣራሁ።

"ፍሥሐ! ና ውረድ!"

አጀንዳውን ይዞ ወረደ። ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ደንበኛ የሚቀመጥበትን ዱካ አቀረብኩለት።

"ቁጭ በልና እይ" አልኩት።

ካኪውን በድርብ ዘርግቼ መቁረጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሱሪዎች ስቆርጥ መቀሱን አየ። ሦስተኛው ላይ እጄን ማየት ጀመረ። አራተኛው ላይ፣ ጨርቁ ወፍሮ መቀሱ ሲነክስብኝ፣ ከዱካው ብድግ አለ።

"እዚህ ጋ ነው የሚያምሽ?"

"እዚህ ጋ ነው።"

"ትንሹን ነበር መጠቅለል የነበረብኝ።"

"ትንሹን ነበር።"

ፕላስተሩን በጥፍሩ ልጦ፣ ስፖንጁን አውልቆ ትንሹ ቀለበት ላይ መለሰው። ከዚያ ሳይጠይቀኝ የራሱን ጣቶች መቀሱ ውስጥ አስገባና አምስተኛውን ሱሪ ይቆርጥ ጀመር። ስፖንጅ እያለለት እንኳ አንድ እግር ሳይጨርስ ቆመ። አውራ ጣቱን አውጥቶ አየው፤ ቀልቷል።

"ሙሉ፣ ይሄ እኮ ያማል" አለ፣ ማንም ያልነገረው ነገር እንዳገኘ ሰው።

የምመልስለት ብዙ ነበረኝ፣ መቀሱን ተቀበልኩት። የቆረጠው ጨርቅ ጠማማ ነው፤ ለሱሪ አይሆንም ብዬ ለኪስ አዋልኩት።