ከጉማሬው ሥር የተጻፈው

የልብስ ሰፊውን ታፔላ ስቀባ ነው ከመሰላል አውርደው የወሰዱኝ። ቀለሙ እጄ ላይ ሳይደርቅ በር ተዘጋብኝ። ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ። የጋምቤላን በጋ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን አይጠይቀኝም። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ቀዛፊ ብቻ ነበሩ። ያልተፈቀደላቸውን ሰዎች የባሮን ወንዝ አሻግረሃል ተብለው ነው የታሰሩት።

ክልሉ ገና የተቋቋመበት ጊዜ ነው። እኛ ወጣቶች በክበባችን በረንዳ ላይ የቀልድ ሰሌዳ ነበረችን። የፈለገ ሥዕል ይለጥፋል፤ የፈለገ ከሥሩ ይጽፋል፤ የተሻለ አለኝ ያለ በላዩ ላይ ይለጥፋል። ስሙን የሚጽፍ የለም። እኔ ታንኳ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጉማሬ ሣልኩ፤ ሰዎች ይቀዝፋሉ፣ ውሃው ይገባል። ያሰብኩት፣ እውነቴን ነው፣ መቅዘፍ የማይወደውን አጎቴን ነበር። በማግስቱ ከሥሩ «እናንተ ቅዘፉ፤ እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል ተጽፎ አገኘሁት። ከተማው ሳቀ። አንድ ኃላፊ ግን አልሳቀም።

መርማሪው ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የኔ መሆኑን አልካድኩም። እሱ የፈለገው ግን ጽሑፉን የጻፈውን ሰው ነበር። እስከ ነገ ጠዋት ስሙን ከሰጠሁ ወደ ቤቴ እንደምሄድ ነገረኝ።

የእጅ ጽሑፏን አውቀዋለሁ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ መዘምራን ውስጥ አብረን እንቆማለን። የእናቷ ወገን ከሱዳን ነው። ሌላው ይታሰርና ይፈታል፤ እሷን ግን አገርሽ አይደለም ብለው ከነሕፃኗ ድንበር ያሻግሯታል። ወዲያ ደግሞ ጦርነት ነው። ቢመቱኝስ? አፌ ቢከዳኝስ? ራሴን አላመንኩትም።

ሊመሻሽ ሲል ሽማግሌው ለጸሎት ተነሡ። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ድምፅ አውጥተን፣ ሰውን በስሙ እየጠራን ነው የምንጸልየው። እሳቸው የግማሹን ከተማ ስም ጠሩ። ተራው የኔ ሆነ። እናቴን ጠራሁ፣ ወንድሞቼን ጠራሁ፣ መዘምራኑን አንድ በአንድ መጥራት ጀመርኩ። ሳላስበው ስሟ ምላሴ ላይ መጣ። ወዲያው ቆርቆሮው ከውጭ በኩል ተንቋቋ፤ ዘበኛው ተደግፎ እያዳመጠ ነው። ስሟን ሳልጠራው ዋጥኩት። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሜን» አሉና በአኝዋክኛ መዝሙር ጀመሩ። ሲጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ጌታ ያልጠራኸውንም ሰምቶሃል» አሉኝ።

ጠዋት መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። ስሙን ጻፍ አለኝ። የራሴን ስም ጻፍኩ። ወረቀቱን አየ፣ እኔንም አየኝ።

«ስለ ሥዕሉ አይደለም የጠየቅኩህ።»

«ጽሑፉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

እንዳላመነኝ ያስታውቃል። ዝናቡ እስኪገባ እዚያው ቆየሁ፤ ስለ ዱላው ባላወራ ይሻለኛል። ስፈታ እሷ ዓሣ ይዛ ቤታችን መጣች። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጇ ጥርስ አወራንና ሄደች። እኔም ለሷም ሆነ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

አሁን የከተማችን ልጆች ማንም የሚጨምርበት፣ ማንም የሚያርመው የኢንተርኔት ማኅደር አላቸው። የጋምቤላን የቀልድ ሥዕሎች፣ እነሱ ሚም የሚሉትን፣ ይሰበስቡበታል። የእህቴ ልጅ ጉማሬህን አስገባ ብላ ነዘነዘችኝ። እንደገና ሥዬ፣ በስልክ አንስቼ፣ ከነጽሑፉ ጫንኩት። «ሥዕሉን የሣለው» በሚለው ቦታ ስሜን ሞላሁ። «ጽሑፉን የጻፈው» የሚለው ጋ ስደርስ ዛሬም እንደታሰርኩ ሁሉ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ባዶውን ተውኩት። ሊንኩ በከተማው ስልክ ሁሉ ዞረ።

በማግስቱ ገጹን ስከፍተው ባዶው ቦታ ተሞልቷል። ነርሷ ስሟን ከነአባቷ ስም ራሷ ጽፋዋለች።