ከሱቄ የወጣው ላጲስ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ነገሩ እኔን ያስከፈለኝ አንድ ላጲስ ነው፤ እሱም ከገዛ ሱቄ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቢቸና ላይ ጨርቅና ደብተር እሸጥ ነበር። ሟች እህቴ ሞጣ ላይ ትታ የሄደቻትን ልጅ፣ ውድነሽን፣ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ትቀመጣለች። እሷ ባለችበት ማንም አያታልለኝም፤ እኔም ሰው ለማታለል እሷ እስክትወጣ እጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን የሒሳብ መምህሯ ሱቅ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ሳይንስ ካልመረጠች ማን ሊመርጥ ነው?»

«እኔ ደግሞ ጨርቅ ልትመርጥ የመጣህ መስሎኝ» አልኩት።

እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሳይንስ የመረጠ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ይማራል፤ ባልትና የመረጠች እዚያው ቢቸና ትቀራለች።

የምርጫው ወረቀት ሲመጣ ተማሪው በእርሳስ ይሞላል፣ አሳዳጊ ፈርሞ በእጁ ለዚያው መምህር ያስረክባል ተባለ። ውድነሽ «ሳይንስ» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ።

«አጎቴ፣ እንዳይታጠፍብዎ።»

አላጠፍኩትም። ሱቄን ዘግቼ ከመደርደሪያው አዲስ ላጲስ አወረድኩ። «ሳይንስ» የሚለውን አጠፋሁት። ከቄስ ትምህርት ቤት በቀረችኝ ፊደል «ባልትና» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ፈርሜም በእጄ ለመምህሩ አስረከብኩ። ሴት ልጅ ለብቻዋ ማርቆስ ምን ትሆናለች ብዬ ነው ልበል? ያኔ ለራሴ ብየው ነበር። ውሸቴን ነው። ሱቄን ማን ይጠብቅልኛል ብዬ ነው።

ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ እያለቀሰች መጣች።

«አጎቴ፣ ወረቀቴን ማን ነካው?»

«የእናትሽ አጥንት ይውጋኝ፣ እንደሰጠሽኝ ነው ያደረስኩት! መምህርሽን ጠይቂ።»

በእህቱ አጥንት በሐሰት የሚምል በአገራችን አይታሰብም። ስለዚህ አመነችኝ። በማግስቱ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ መምህሩን «ቀጣፊ» አለችው። ይቅርታ ጠይቂ ቢሏት፣ የጎጃም ልጅ አይደለች? ሞቼ እገኛለሁ አለች። ተባረረች። እሱም ሐሜቱ ቢበዛበት ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ሲሄድ በሱቄ በር አልፎ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝ። ያን ጊዜ አፌን ምን ያዘው?

እሷ እንደተመኘሁት ሱቄ ውስጥ ቀረች። ደብተር ስትሸጥ የተማሪውን ፊት ቀና ብላ አታይም ነበር። አየሁ፤ ገንዘቤን ቆጠርኩ። ኋላ ሞጣ ተዳረች። እስከ ዛሬ በየመስቀሉ ማር ትልክልኛለች፤ «ላልከዳኝ ለአጎቴ» እያለች። ማሩን እበላለሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ይቅር የምትለኝ ነገር እንዳለ አታውቅም።

እሷ ትምህርቷን ከፈለች። መምህሩ ስሙን። እኔ አንድ ላጲስ።