ከነጌቲቩ ዳር የቆመው

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ በስልኳ ያነሳችውን የቤተሰብ ፎቶ ስታስተካክል ከዳር የቆመውን አጎቷን ቆርጣ አወጣችው። «መልሺው!» ብዬ ጮኽኩባት። ደነገጠች። «እማማ፣ መመለስ እኮ ይቻላል» ብላ መለሰችው። እኔ ግን ምሳው አልበላ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ ሾላ ገበያ አጠገብ ባለ ፎቶ ቤት ፎቶ አጣቢ ነበርኩ። የማጠቢያው መድኃኒት ሽታ ከጎረቤት ወፍጮ በርበሬ ጋር ተደባልቆ ያስነጥሰን ነበር። ትልቁ ፊልም ከገበያ እየጠፋ ስለነበር ማጉያ ማሽናችን ለትንሹ እንደተገጠመ ይውላል። ትልቅ ነጌቲቭ፣ ማለትም የታጠበ ትልቅ ፊልም፣ ከመጣ ሌንሱንም፣ የነጌቲቩን መያዣም ቀይሮ እንደገና ማስተካከል ነው። እኔ ደግሞ ሰነፍ ነበርኩ፤ ስንፍናዬን ቅልጥፍና እለው ነበር።

አንድ የመስከረም ቀን ኮረሪማ ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ትልቅ ነጌቲቭ ይዘው መጡ። እንጦጦ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ እሳቸውና ባላቸው ተቀምጠው፣ ልጃቸው ጀማል ከዳር ቆሞ የተነሱት ነው።

«የሁለታችንን ብቻ ለግድግዳ አጉዪልኝ። እሱ ሲያገባ የራሱን ይሰቅላል» አሉና ሳቁ።

የጉርድ ፎቶ ክምር ይጠብቀኝ ነበር። ማሽኑን ከምቀይር ብዬ ነጌቲቩን በትንሹ መያዣ ልክ በመቀስ ቆረጥኩት። ፎቶው አምሮ ወጣ፤ መረቁኝ። ነጌቲቩን እኛው ጋ ትተውት ሄዱ።

በዓመቱ፣ በክረምቱ ጭቃ፣ ተመልሰው መጡ። ጀማል ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ነበር፤ ቀበሌ ጠርቶ መርዶውን ነገራቸው። ቀድሞ ታጥቦ የነበረውን የሦስቱን ፎቶ ይዞት ዘምቷል። ሌላ ፎቶ የለውም።

«አሁን ከዳር ያለውን አውጪልኝ፣ ልጄ።»

«እትዬ... ቆርጬዋለሁ።»

«ቆርጠሽ የት አስቀመጥሽው?»

ቁራጩን ያኔውኑ ጥዬው ነበር። ማልቀስ ስጀምር ገባቸው። የቀረውን ነጌቲቭ ከእጄ ወስደው ወደ በሩ ብርሃን አነሱት። ግድግዳቸው ላይ ባለው ፎቶ ያልወጣ፣ የመያዣው ጠርዝ ሸፍኖት የነበረ ነገር አዩ።

«ይቺ ባባቱ ትከሻ ላይ ያለችውስ?»

«ጣቶቹ ናቸው።»

«እንግዲያ እሷን አጉዪልኝ።»

ማሽኑን እስከ ጫፉ ከፍ አድርጌ አራት ጣት አጎላሁ፤ ምስሉ ተበትኖ ጤፍ የፈሰሰበት እስኪመስል ድረስ። ከውሃው እንዳወጣሁት፣ ሳይደርቅ ሳሙት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ካረፉ ቆይተዋል። ይቅር ብለውኛል፤ በአፋቸው ነግረውኛል። እኔ ግን ሥራ ስፈታ ያንን ማሽን በሐሳቤ እፈታዋለሁ። ሌንሱን አወልቃለሁ፤ ትልቁን መያዣ እከታለሁ፤ አስተካክላለሁ። ጀማል ሙሉውን ይወጣል።

አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር።