የበረሃ አበል

ልጄ ነርስ ናት። ከሀይሌ ጋርመንት መካኒሳ አቦ አጠገብ ወዳለው ጤና ጣቢያ በታክሲ ትመላለስ ነበር። የቤት ኪራያችን በጨመረ ቁጥር ደመወዟ እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ በረሃ ልገባ ነው» አለችኝ።

በእኔ ዘመን በረሃ ገባ የሚባለው ጠመንጃ ሊያነሳ የሄደ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። ተቀመጥኩ። እሷ ሳቀች።

«ምን ያስደነግጥሻል? ቆላ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። መርፌው ያው፣ ፋሻው ያው። ልዩነቱ እዚያ የበረሃ አበል አለ።»

«ሥራው ያው ከሆነ ለምን ይጨምራሉ?»

«ለሙቀቱ ነዋ።»

«ለሙቀት ብቻ?»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «ለወባውም፣ ለመንገዱም» አለች።

መንግሥት ሰው እምቢ የሚልበትን ቦታ ያውቃል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩም።

ከሄደች ስምንት ወር ሆናት። ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩን ይዤ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ደወለች። «እማዬ፣ ደስ ይበልሽ፤ አበላችንን ጨመሩልን» አለችኝ።

«ምን መጥቶ ነው?» አልኳት።

እንደዚያን ቀን ዝም አለች። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።